ባለሱሪዎቹ ዶሮዎች ወደ ደላንታ እንዲመለሱ የተሰጠ ቃል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ዛሬ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ እኔ ወይዘሮ ኡምሰልማ በሽር፣ በአዋሽ ሰባት ከተማ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ሻይ ቤት ይዤ የምኖር፣ እግሬና ኩላሊቴ ቢከዱኝም አእምሮዬ ያልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፋለሁ። የሚጽፈው ከምስክሮቹ አንዱ፣ የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ሀብተ ሥላሴ ነው። ቃሌን እንዳያሳምርልኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ስለ ቤቱ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቤቱ ግን በላቤ የተሠራ ነው። ቤቱንም፣ የሻይ ቤቱን ዕቃም ከምስክሮቼ አንዱ የሆኑት ሼህ ረዲ በሸሪዓው መሠረት ለአንድ ልጄ ለሙስሊማና ለሚገባቸው ዘመዶቼ ያከፋፍሉ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም። የገንዘብ ዕዳም የለብኝም።

ስለ ዶሮዎቹ ግን ብዙ የምለው አለኝና ታገሡኝ።

በግቢዬ ያሉት አምስት ሴቶችና አንድ ገብስማ አውራ የወሎ ደጋ፣ የደላንታ ዶሮዎች ናቸው። እግራቸው እስከ ጥፍራቸው ላባ ስለለበሰ የአዋሽ ሰው ባለሱሪ ይላቸዋል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ውርጭ እንዳይቆርጠው ትንሽ ሆኖ የተፈጠረ ነው። በሐምሌ ጭጋግ እንኳ እንቁላል መጣል አያቋርጡም። ወደዚህ እሳት አገር ያወረዳቸው ሟቹ ባለቤቴ ሙሐመድሰዒድ፣ የአሰብ መንገድ ሹፌሩ ነው። ሁለት ቤት ነበረው፤ አንደኛው ደላንታ፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ ከሀምዳ ዘንድ፣ ሁለተኛው እዚህ ከኔ ዘንድ። በ1965 ዓ.ም. አንድ አውራና ሁለት ቄብ በቅርጫት ይዞ መጣና «ሀምዳ ናት የላከችልሽ» አለኝ። ጣውንት ስጦታ ስትልክ ምን እንደሚሰማ የደረሰባት ታውቀዋለች። የዚያኑ ቀን ቢላ ስዬ ነበር።

ያላረድኳቸው እሱ ስለወደዳቸው ነው። ከመኪናው ሲወርድ ከኔ በፊት ሰላም የሚለው እነሱን ነበር። አውራው ሲጮህ ለሱብሂ ይነሣና «ደላንታ ያለሁ መሰለኝ» ይለኛል። አጠገቡ ያለሁት እኔ፣ የመሰለው ደላንታ! ይህንን ስንት ዓመት ሰማሁ።

ቢሆንም አሥራ አራት ዓመት ጠበቅኳቸው። በግንቦት ሙቀት አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ጆንያ በውሃ ነክሬ ጥላ ሠራሁላቸው፤ ከውሃው በርሜል ሥር አፈሩን ቆፍሬ እርጥብ መተኛ አበጀሁላቸው። ልጄ ሙስሊማ፣ አንቺን እንኳ እንዲያ አላባበልኩሽም፤ ይቅር በይኝ።

ዘሩን ለማንም አልሰጠሁም። ከመልካ ወረር እርሻ ሳይቀር እየመጡ ለምነውኛል። እንቁላል የጠየቀኝን ሰው አልከለከልኩም፤ እንቁላሉን በቀጭን መርፌ ወግቼ፣ ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኜ እሰጠው ነበር። ለመብላት ይሆናል፤ ቢያስታቅፉት ግን አይፈለፈልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ከኔ ግቢ የወጣ እንቁላል በእግሩ እንዳይሄድ ያደረግኩ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ምስክሩ ጣሃ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ «ቆይ እንጂ እትዬ! አምና ለሚስቴ የሰጧት ስምንቱ እንቁላልስ? ሃያ አንድ ቀን አስታቅፈን ሰፈሩ ሁሉ ገማ እኮ!» አለ።

«እነሱም ተወግተዋል፣ ጣሃ። መርፌውም ያንተ ነው፤ ቁልፍ ልትከል ብዬ ካንተ የተዋስኩት» አልኩት። ምስክሯ ወይዘሮ ውብነሽ ሳቀች። ሼህ ረዲ አልሳቁም። ይህም ይጻፍ።

ሙሐመድሰዒድ በ1974 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ታሞ ሞተ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው። የመጨረሻውን ውሃ ያጠጣችው ሀምዳ፤ መቃብሩን ከደጇ ሆና የምታየው ሀምዳ። ለኔ የቀሩኝ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። በዓመቱ ሀምዳ ደብዳቤ ላከችልኝ። «እህቴ ኡምሰልማ፣ ወንዶቹ ልጆቼ በሠፈራ ሄዱ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ዶሮዎቹ አንድ ሳይቀሩ አለቁ፤ ዘሩም ከአገሩ ጠፋ። ያንቺዎቹ ካሉ እንቁላል ላኪልኝ። አውራው ሲጮህ እሱ ለሱብሂ የተነሣ ይመስለኝ ነበር» ይላል። በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ተቃጠልኩ። እኔ ዘንድ ሆኖ ደላንታ ይመስለው ነበር፤ እሷ ዘንድ ሆኖስ አዋሽ መስሎት ያውቅ ይሆን? የነገረኝ የለም።

አሥራ ሁለት እንቁላል መረጥኩ። አሥራ ሁለቱንም ወጋኋቸው። ከዚያ ከመልካ ወረር በመጣ ጥጥ አንድ በአንድ ጠቅልዬ በሹፌር ላክሁላት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ አብሯቸው ሄደ፤ «ከልቤ የተላከ» ይላል። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። «አልሆነም እህቴ፤ የመንገዱ ሙቀት ይሆናል ያበላሸው። አንቺ ግን አላሳፈርሽኝም፤ አላህ ይስጥሽ።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ አምስቱም ሴቶችና አውራው ለሀምዳ እንዲሰጡ ተናዝዣለሁ። ለወራሽ መናዘዝ ባይቻልም ጣውንት የጣውንት ወራሽ ስላልሆነች ወሲያው፣ ኑዛዜዬ ማለት ነው፣ የጸና መሆኑን ሼህ ረዲ አረጋግጠውልኛል። ይህ ዘር እኔ እስከማውቀው በሌላ ቦታ የለም፤ ባለፈው በጋ አሥራ አንዱ አልቀውብኛል፤ የዘንድሮውን ግንቦት እዚህ ካገኙት ያበቃላቸዋል። ሙስሊማ ራሷ ታድርሳቸው፤ በአሰብ መንገድ እስከ ሚሌ፣ ከዚያ በባቲ ወደ ደሴ ትውጣ። ከማስረከቧ በፊት የመርፌውን ነገር ሳትደብቅ ትንገራት። ሀምዳ አውፍ ብላ ይቅር ካለችኝ አልሐምዱሊላህ፤ ካላለችኝም ዶሮዎቹን ትረከብ። አንድ ነገር ብቻ ትወቅልኝ፤ ከእንግዲህ ደላንታ ላይ የሚጮኸው አውራ ከኡምሰልማ ግቢ የሄደ ነው። ሙሐመድሰዒድ በተቀበረበት ይጩህ።

ስለ ካፖርቱ። ሳጥኔ ውስጥ የሙሐመድሰዒድ ወፍራም ካፖርት አለ። ለሙስሊማ ይሁን፤ ለሀምዳ እንዳይሰጥ። ቸርነቴ እስከ ዶሮዎቹ ነው።

ሼህ ረዲ «ካፖርቱን ረስቶት ነው የሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። ለሞት ተቃርቤ አልዋሽም። አልረሳውም፤ ደብቄበት ነው። ለካፖርቱ ሲል ቶሎ ይመለሳል ብዬ ነበር። ፈልጎ ፈልጎ አጣውና በስስ ሸሚዝ ወደ ደላንታ ወጣ። በብርድ ይሁን በሌላ የታመመው አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር በብርድ ነው እላለሁ።

ውብነሽ፣ «ዶሮዎቹ እኮ እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ብርድ አይተው አያውቁም። ዳገቱ ላይ አይሞቱም?» አለች።

«ባለሱሪ ብርድ አይፈራም» አልኳት። ኋላ ግን አሰብኩበት። ሙስሊማ ከባቲ ዳገት ጀምሮ ካፖርቱን ቅርጫቱ ላይ ትደርብላቸው፤ እስከ ሀምዳ ደጅ ድረስ እንዳታነሣው።

ሀብተ ሥላሴ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ካፖርቱ ከዚያ ለሙስሊማ ይመለሳል ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ስለ መመለሱ ምንም አትጻፍ አልኩት።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኝ፣ የኔው መሆኑን አምኜ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ጽሕፈት ፈርሜያለሁ።

ኡምሰልማ በሽር

ሲነበብ የሰማን፣ ስትፈርም ያየን ምስክሮች፦
ሼህ ረዲ
ሀብተ ሥላሴ፣ ጸሐፊም ምስክርም
ውብነሽ
ጣሃ፣ ልብስ ሰፊ፤ መርፌዬን ተረክቤ ፈርሜያለሁ