ለጥምቀት የተዋሱት ፓምፕ

ጥር 11፣ ሞጣ

መሥሪያ ቤታችን ወንዙን እንዲያጸዳ ያመጣው ተንሳፋፊ ፓምፕ ዛሬ ቆሻሻውን ሕዝቡ ላይ ሲረጭ ዋለ።

ሥራው ከቄራው በታች ኩሬው ላይ ተንሳፍፎ ውሃውን መሳብ፣ በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወንዙ ውስጥ መልቀቅ ነበር። የበዓሉ ኮሚቴ ለጠበል መርጫ ሲጠይቅ ኃላፊያችን ዓይናቸውን ሳያሹ ፈቀዱ። ትናንት እዚያው ወንዙ ዳር ባለው ባሕረ ጥምቀት ላይ ሲሞከር ውሃው ሩቅ አልደርስ አለ። ኃላፊያችን ግፊቱን ይቀንሳል ብለው ማጣሪያውን አስወለቁት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከቄራ የሚወርድ ውሃ ነው» አልኳቸው።

«ካህናቱ ይባርኩት የለ እንዴ? ለአንድ ቀን አታካብጂ!»

ካህናቱ ምን ያውቃሉ? የተጣራ ነው ተብለው ነው የባረኩት። ኃላፊያችን ግን ዛሬ ነጭ በነጭ ለብሰው ከቱቦው ራቅ ብለው ቆሙ። አንዲት ጠብታ አልነካቻቸውም።

እናቴ ለበዓሉ ከቢቸና መጥታ ከፊት ቆማለች። «የልጄ መሥሪያ ቤት ፓምፕ ነው» ትላለች፣ አጠገቧ ላለው ሁሉ። እጇን ይዤ ልጎትታት ብል ተቆጣችኝ። «ከጠበል ታስወጪኛለሽ?» አለችና ፊቷን ወደ ቱቦው መለሰች፤ አፏን ከፍታ እልል አለች።

ቤት ስንገባ ከነጠላዋ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች።

«ነገ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ጠጪው። የሥራሽ በረከት ነው።»

ጠርሙሱ ይኸው ፊቴ ተቀምጧል። ከሥሩ ጥቁር ነገር ዘቅጧል። የእኔንስ እደፋዋለሁ። እሷ ግን የራሷን እዚያው ጠጥታ ነው የመጣችው።