የመጨረሻው ፉርጎ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ዛሬ አጎቴ ከጨንቻ ወርዶ እናቴን «ይብቃሽ እንጂ እህቴ፣ ለዚህ ልጅ ኑሪለት፤ ከሉን አውልቂ» አላት። ታላቅ ወንድሜ ታሞ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። እሷ አቀረቀረች።

ወንድሜ ከዚህ ርቆ የሚሠራ ባቡር ነጂ ነበር። ፍጥነት በተገደበበት ኩርባ ላይ የባቡሩ ፊት ስላለፈ ብቻ ፍጥነት አይጨመርም፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ይጠበቃል ብሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ፉርጎ ገና አላለፈም» አልኩና ነገሩን አስረዳሁት።

«አንተ ደግሞ ባቡር የት አየህና!» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አርባ ምንጭ ባቡር የለም።

አጎቴ ከሄደ በኋላ እናቴ ቀና ብላ «ስንት ፉርጎ ነበር የሚጎትተው?» አለችኝ።

አላውቅም። በሕይወት እያለ አልጠየቅኩትም።