ወደ ኋላ መገልበጥ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም አልሆነም። ስምንት ሙከራ። መዝለያው ጫፍ ላይ እደርሳለሁ፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላው፣ ስኖውቦርዱ፣ ከበረዶው ሲለቅ ወደ ኋላ መገልበጤ ቀርቶ አጎነብሳለሁ። ሊኔያ መሬቱን አትፈልጊው ትላለች፤ ሰማዩን እዪ፣ መሬቱ ራሱ ይመጣል። ቀን ቀን አብረን ሄምትየንስት ነን፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት እንንከባከባለን። ከሥራ በኋላ ቦርዷን አውሳኝ ታሠለጥነኛለች። በሃምሳ ዓመቷ እንደ ድመት ትገለበጣለች።

አባዬ ጂም የምሄድ ይመስላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁንም እንደ ልጅ እዋሻለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ማስታወሻዬ፣ አንዴ ተሳካ። በአየር የተነፋው ትልቁ ፍራሽ ላይ ነው፣ በረዶ ላይ አይደለም። ግን ዞርኩ። ዛፎቹን ተዘቅዝቀው አየኋቸው፣ ከዚያ በጀርባዬ ዘፍ። ተጋድሜ ሳቅኩ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

በዚያው ሞቅታ ለበረዶው ወቅት መዝጊያ የዝላይ ትርዒት ተመዘገብኩ። ምን ነካኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

በረዶ ላይ ሞከርኩ። አየር ላይ እያለሁ ሐሳቤን ቀየርኩ። ሐሳብ የሚቀየረው መሬት ላይ ነው ብላኝ ነበር ሊኔያ። በትከሻዬና በአንገቴ ወደቅኩ። ትንፋሽ እምቢ አለኝ። ሆስፒታል፣ ራጅ፣ ረጅም ጥበቃ። የተሰበረ የለም። ጭንቅላቴ ግን ተናውጧል።

ለአባዬ ከሆስፒታል ተደወለላቸው። ከሰፈራችን ከአካላ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና መጡ፣ በጾም አፋቸው፣ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው። ምንም አልጠየቁኝም። ከቁጣ ይከፋል።

ሰኞ፣ የካቲት 16

አሁንም አልተቆጡም። ሾርባ ያመጣሉ፣ መጋረጃ ይዘጋሉ። ስተኛ በሩ ላይ ቆመው ትንፋሼን ያዳምጣሉ። የተኛሁ እመስላለሁ። እማዬ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራትም እንዲሁ ይቆሙ ነበር። ዛሬ ገና ትዝ አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ወደምንለማመድበት ኮረብታ ተመለስኩ። ሐኪሙ ገና ነው ብሎኝ ነበር። በገመድ በሚጎተተው ሊፍት ወጣሁ፣ መዝለያው አናት ላይ ቆምኩ፣ ቦርዱን ተሸክሜ በእግሬ ወረድኩ። አምስት ጊዜ እንዲሁ። ከታች በረዶው ጭቃ መሆን ጀምሯል። ሊኔያ ገና ጊዜ አለ አለችኝ። ፊቷ ግን አላለም።

እሁድ፣ የካቲት 22፤ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባቡር ውስጥ ለአባዬ ሁሉን ነገርኳቸው። ውሸቱን፣ ትርዒቱን፣ ዓርብ መሄዴን። ፈራሁ አልኳቸው። ሁለት ጣቢያ አለፍን።

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል» አሉ ከዚያ። «እናትሽ የለችም። ለእኔ ሁኚልኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዋሻ ነው፣ የሚታይ የለም።

ብናገር የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። እማዬ ከሄደች ወዲህ የእኔ የምለው ይህ ዝላይ ብቻ ነበር።

እቤት እንደገባን ስሜን ለማሰረዝ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ታምሜ ነው ብላት ይበቃ ነበር። ፈርቼ ነው አልኳት። እየመዘገበች መሆኗ ተሰማኝ፤ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ድምፅ።

ነገ ቦርዱን ለሊኔያ እመልሳለሁ።