አንዲት ነጥብ ፍለጋ፦ የአቶ እንግዳው ኪዳነ ማርያም የሕይወት ታሪክ (1971–2017 ዓ.ም.)

አቶ እንግዳው ኪዳነ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነ ማርያም ወልደ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባ ታደለ፣ ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዳባት ከእናታቸው ወላጆች ዘንድ ተቀምጠው ተማሩ።

በ1984 ዓ.ም. አጎታቸው አቶ አለምነህ ታደለ ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። አቶ አለምነህ በአንድ የቴኒስ ክለብ የሜዳ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቀዩን አፈር ውኃ ማጠጣት፣ መደልደል፣ መስመሩን በኖራ ማስመር ሥራቸው ነበር። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ስለሚዘጋ አጎትና የእህት ልጅ በአሮጌ ራኬት ይጫወቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አቶ አለምነህ፣ “እኔን ማሸነፍ ወግ አይደለም፤ ሰው ፈልግ” አሏቸው።

አቶ እንግዳው በ1990 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በዚያው ክለብ ደመወዝተኛ ተጫዋች ሆኑ። በአገር ውስጥ ውድድር ሦስት ጊዜ በነጠላ አሸንፈዋል። እርሳቸው የሚፈልጉት ግን ሌላ ነበር። በዓለም አቀፉ የባለሙያ ተጫዋቾች ዝርዝር ስሙ የሚሰፍረው ቢያንስ አንድ ነጥብ ያገኘ ተጫዋች ነው፤ ለዚያች ነጥብ ማጣሪያውን ማለፍ፣ ቀጥሎም በዋናው ውድድር አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ይጠይቃል።

ከ1993 እስከ 2000 ዓ.ም. በአብዛኛው በአውቶቡስ፣ በሞያሌ በኩል፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ካምፓላና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተመላለሱ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄዱ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፉ። የሚጥላቸው የጨዋታ ችሎታ ማነስ ብቻ አልነበረም። ቁጡ ነበሩ። ራኬት ሰብረዋል፤ ከዳኞች ጋር ተጨቃጭቀዋል። በ1999 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ለማሸነፍ ጥቂት ሲቀራቸው ለዳኛው በተናገሩት ቃል ተቀጡ፤ ጨዋታውም ከእጃቸው ወጣ።

ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ከመምህርት ጽጌሬዳ አለነ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ልጃቸው ሊድያ ተወለደች። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ቡድኑን ሲበትን አቶ እንግዳው በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ደባርቅ ገቡ። በገበያው፣ “ከረጢት አንግቶ ሄዶ ከረጢት አንግቶ ተመለሰ” ተባለ። እርሳቸው ግን ውድድር አቆምሁ ብለው ለማንም አልተናገሩም።

የሚለማመዱበት ሜዳ ስላልነበረ የካቲት 2001 ዓ.ም.፣ እህሉ ተወቅቶ ሲገባ፣ አባታቸውን አውድማውን ጠየቁ። በእበት የተለቀለቀ፣ የጠነከረና ደልዳላ መሬት በአካባቢው እርሱ ብቻ ነበር። አቶ ኪዳነ ማርያም ሁለት ቀን አስበው መለሱ፤ “ጫማህን አውልቅ። ብታገኝም ብትስትም ክፉ ቃል እንዳልሰማ። እህሉ ቢገባም አውድማ አውድማ ነው።”

የልጅነት ጓደኛቸው የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሙጂብ ጠይብ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ማለዳ እየመጡ፣ በበቅሎ መጫኛ ገመድ ላይ አሻግረው ኳስ ይወረውሩላቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከአቶ እንግዳው አንድ ስድብ አመለጣቸው። አባታቸው አውድማውን በእሾህ አጥረው ለስምንት ቀን ዘጉባቸው። ከዚያ በኋላ ኳስ በሳቱ ቁጥር አቶ ሙጂብ፣ “ዋጣት እንግዳው፤ አባትህ ከአጥሩ ጀርባ ናቸው” ይሏቸው ነበር። አንዳንድ ቀን እውነትም ነበሩ። አቶ እንግዳው በባዶ እግራቸው ሦስት ወር ሠሩ፤ መዋጥም ተማሩ።

ግንቦት 2001 ዓ.ም. ለሃያኛ ጊዜ ሄዱ። ኪጋሊ ላይ ማጣሪያውን አልፈው በዋናው ውድድር በአሥር ዓመት ከሚያንሳቸው ተጫዋች ጋር ተገናኙ። በሦስተኛውና በወሳኙ ዙር አራት ለአራት ሳሉ መስመሩን የነካ ኳሳቸው ወጥቷል ተባለ። ምልክቱ አፈሩ ላይ ይታይ ነበር። በትሕትና አንድ ጊዜ አሳዩ፤ ዳኛው ውሳኔውን አልቀየረም። አቶ እንግዳው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ቀጣዩን ኳስ ጠበቁ። ሰባት ለአምስት አሸነፉ።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ መልእክቱ የደረሳቸው ክፍል ውስጥ ሲፈትኑ ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ ለማንም አልተናገሩም። የአቶ እንግዳው አባት ግን በስልክ፣ “ለመሆኑ አንዷ ነጥብ ስንት ኩንታል ትሆናለች?” ብለው ጠየቁ።

“ቁና አትሞላም፣ አባባ።”

“ትሁን። የገባ እህል አይናቅም።”

በዝርዝሩ ውስጥ ደረጃቸው ከአንድ ሺህ አምስት መቶኛ በታች ነበር። በደንቡ መሠረት ነጥቧ ዓመት ሲሞላት ተነሣች፤ ስማቸውም አብሮ ወጣ። ሁለተኛ ለማግኘት ሞክረው የቀኝ ትከሻቸው እምቢ ስላላቸው በ2003 ዓ.ም. ውድድር አቆሙ።

ከዚያ ወዲህ በደባርቅ የስፖርት መምህር ሆነው አገለገሉ። በ2004 ዓ.ም. ልጃቸው ታደለ ተወለደ። በ2006 ዓ.ም. ከወላጆች ጋር ሆነው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሜዳ ደለደሉ፤ ሜዳውን ቀለም ሊቀባ የመጣውን ባለሙያ መልሰው፣ በአውድማ አሠራር እንዲለቀለቅ አደረጉ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ማለዳ ማለዳ በዚያ ያሠለጥኑ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በራሳቸው ምርጫ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ኅዳር ላይ ሕመሙ ሲጠና ስለዚህ ጽሑፍ ለባለቤታቸው፣ “ዋንጫዎቹን ብትተያቸው ግድ የለም። አሥራ ዘጠኙ ግን እንዳይቀር፤ የማሠለጥናቸው ልጆች ቆመው ይሰማሉ” አሏቸው። ባለቤታቸው በቀብር ላይ ሽንፈት አይቆጠርም ብለው ተከራከሩ። አልረቱም። ስለዚህ ተቆጥሮ ተጽፏል።

አቶ እንግዳው ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። አባታቸው ከሰባት ዓመት በፊት ቀድመዋቸዋል።

የሰውን ድካም የማይረሳ እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ እናታቸውንና ልጆቻቸውን ያጽናልን። አሜን።