ከፍተኛ ጭንቀት ስለተገኘበት መንገዳችን

ለተከበሩ የምሥራቅ ሰፈሮች የኮንክሪት መንገድ ምርመራና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣
ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከደጅዎ እስከ ቢሮዎ ለሚያደርስዎ መንገድ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ከክሬሰንት ታውን ፎቆች ጀርባ፣ በአንድ በኩል ብቻ በምታስወጣ ጠባብ መንገድ ዳር የምንኖር የሰባት ቤት ሰዎች፣ መውጣት ካለመቻላችን በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ ቀደም የላክኋቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች እንደ እኛው መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ላቅርብ። ክፍልዎ ጁን መጀመሪያ ላይ በየበራችን የለጠፈው ማስታወቂያ በአማርኛም የተጻፈ በመሆኑ ኮርተናል። «የአካባቢዎ ተጨባጭ መንገድ በባለሙያ ተጠንቶ ከፍተኛ ጭንቀት ስለተገኘበት ተቆርጦ ይወጣል፤ በአዲስ ከተተካም በኋላ እስኪፈወስ ድረስ እንዳይረገጥ» ይላል። እኔ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት በመንገድ ሥራ ላብራቶሪ ኮንክሪት ስፈትሽ ስለኖርኩ፣ ተርጓሚዎ የእንግሊዝኛውን ቃል በቁሙ ወስዶ ኮንክሪቱን «ተጨባጭ»፣ በንጣፉ ላይ የታየውን ጉዳት «ጭንቀት»፣ ኮንክሪት ውሃ እየጠጣ የሚጠነክርበትን ጊዜ ደግሞ «ፈውስ» ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። እናቴ ወይዘሮ ሙሚና ግን ላብራቶሪ አልሠሩም። ማስታወቂያውን ሳነብላቸው «አይ ምስኪን፣ አላህ ያሽረው» አሉና፣ የታመመን ማጣደፍ ነውር ነው ብለው ለሦስት ሳምንት ስልክ እንዳልደውልብዎ ከለከሉኝ። ይቀልዱ ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አልለየሁም። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እርስዎ በሰላም አሳልፈዋቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ባለፈው ፌብሩዋሪ ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ ስላለ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ሐኪማቸው እግሩ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በደንብ ከተሠራበት ነው ብለው በየሳምንቱ ዓርብ ፊዚዮቴራፒ አዘዙላቸው። ስድስቱ ወር የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ ይህን እያሰቡ እንዲያነቡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ምርመራውን በተመለከተ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዱ ንጣፍ ጥግ ሲሰነጠቅ በመዶሻ መትቼ አዳመጥኩት። ጤነኛ ኮንክሪት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ይኸኛው ግን ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ይናገር ነበር። የቆሻሻ መኪናው ባለፈ ቁጥር ከመገጣጠሚያው ጭቃ ውሃ ይተፋል፤ ይህም ከሥር ያለው አፈር እየታጠበ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስንጥቁ ተጠርጎ ቢታሸግና ባዶው ቢሞላ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ጻፍኩ። ክፍልዎ መርማሪዎችን አራት ጊዜ ልኮ በነጭ፣ በብርቱካን፣ በሰማያዊና በሮዝ ቀለም ምልክት አስደረገበት፤ አራቱም ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ብለው ሄዱ። የእኔ አስተያየት የዚህ ክፍለ ሀገር የሙያ ፈቃድ ስለሌለኝ ተቀባይነት እንደሌለው በአክብሮት ተገልጾልኛል። እውነት ነው፣ ዛሬ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነው የምነዳው። ጉድጓዱ ግን ያለ አንዳች ፈቃድ ተቀባይነት አግኝቶ በደጃችን ተቀምጧል።

ሁለተኛ፤ ቆረጣውን በተመለከተ። ሠራተኞችዎ በሁለት ቀን ውስጥ መንገዱን ከግንብ እስከ ግንብ፣ አራት ሜትር ስፋትና የጉልበት ጥልቀት ድረስ አውጥተው ከሄዱ ዘጠነኛ ሳምንታችን ነው። ሠራተኞቹ ኮንክሪቱን ይጠብቃሉ፣ ኮንክሪቱ የታችኛው አፈር እስኪጸድቅ ይጠብቃል፣ አጽዳቂው ደግሞ ቫኬሽን ላይ ናቸው። ዝናቡ ማንንም ሳይጠብቅ ሞላው። ጉልበት ያለን ሱሪያችንን ሰብስበን እንሻገራለን። እናቴን ለመውሰድ የሚመጣው መኪና ግን ማዶ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆምና፣ ሹፌሩ በመስኮት ለሚያዩት እናቴ እጁን አውለብልቦ ይመለሳል። ልጄ ፊርደውስ «ዳድ፣ ስታክ ሆነናል እኮ፣ ሰምዋን ኮል አድርግ» ትለኛለች፤ መውጫ አጥተናልና ለአንድ ሰው ደውል ማለቷ ነው። ኮል አድርጌ ነበር፤ ስልካችሁ ሲያስጠብቀኝ የሰማሁት የሙዚቃ ምርጫችሁ ግሩም ነው።

ሦስተኛውን ያለ ሽሙጥ ልጻፈው። እናቴ በሜይ ወር ክሊኒኩ ውስጥ የመደገፊያውን ብረት ይዘው አራት እርምጃ ተራምደው ነበር። መንገዱ ከተቆረጠ ወዲህ እኔና ጎረቤታችን ዘመድኩን ሁለት ጊዜ ተሸክመን አሻገርናቸው፤ በሁለተኛው አዳልጦኝ ሦስታችንም ውሃው ውስጥ ወደቅን፤ ከዚያ በኋላ ሰው አላስነካም አሉ። አምስት ቀጠሮ አለፋቸው። ክሊኒኩ ደግሞ አንድ ቀጠሮ ካለፋቸው ቦታቸው ለሌላ ተረኛ እንደሚሰጥ አስታውቆናል። አሁን አንዲት እርምጃ እንኳ የላቸውም። ስፖንሰር አድርጌ ያመጣኋቸው ከእኛ ጋር ደስ ብሏቸው እንዲኖሩ ነበር፤ ያገኙት ግን አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ነው። እኔ አፍራለሁ፣ እፈራለሁም፤ ማታ ወደ ቤት ስገባ ፊታቸውን ማየት ይከብደኛል።

አራተኛ፤ ሳንቃውን በተመለከተ። ዘመድኩን የቤት አናጺ ነው። እሱ በሙያው፣ እኔም ተቀባይነት በሌለው ሙያዬ ስንት ኪሎ እንደሚችል አስልተን፣ ወፋፍራም ሳንቃዎች በብሎን አጋጥመን፣ መሐሉን በብሎኬት ደግፈን፣ ግራና ቀኙን መደገፊያ ሠርተን በጉድጓዱ ላይ ዘረጋነው። ባለፈው ዓርብ እናቴ በዊልቸራቸው ተሻገሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ አቁሙኝ አሉና ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ትንሽ ነፋስ ተቀበሉ። ከዚያም ቀጠሯቸው ደረሱ።

ሰኞ ጠዋት የክፍልዎ ትእዛዝ በራችን ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ሳንቃው ያልተመረመረና ያልተፈቀደ ግንባታ በመሆኑ እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን እንድናነሳው፣ ካልሆነም ባለሙያ መጥቶ እንደሚያነሳው ይገልጻል። ስንጥቁን ለመመርመር ሁለት ዓመት የፈጀ ክፍል ሳንቃውን በሦስት ቀን መርምሮ ውሳኔ መስጠቱ፣ መፍጠን እንደሚችል አረጋግጦልናልና ከልብ እናመሰግናለን። ሐሙስን ተከትሎ የሚመጣው ቀን ዓርብ ነው፤ ክሊኒኩም ሌላ ዓርብ አይሰጠንም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እጠይቃለሁ፤ ወይ ጉድጓዱን ከሐሙስ በፊት ይሙሉልን፣ ወይ እስኪሞላ ድረስ ሳንቃችንን ይተዉልን። ሳንቃውን በራሴ እጅ እንደማላነሳው ግን ከአሁኑ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

መንገድዎ ሁሉ የቀና፣ ንጣፍዎ ያልተሰነጠቀ፣ ወንበርዎም እንደ እስካሁኑ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ የምመኝልዎ፣

ኸይረዲን ሸምሱ
ከጉድጓዱ ወዲህ ማዶ

ማስታወሻ፤ ትእዛዙን የለጠፉት ባለሙያዎ ጫማቸው ደረቅ እንደነበር ዘመድኩን አይቷል፤ ሳንቃው ላይ የቀረውን የአቧራ ዱካቸውን ፎቶ አንስተን አያይዘናል። ሐሙስ ሳንቃውን ለማንሳት የሚመጡት ባለሙያም ወደ እኛ የሚሻገሩት በዚያው ላይ እንደሚሆን እንገምታለን። ካነሱት በኋላ በየት በኩል እንደሚመለሱ ግን ትእዛዙ ስለማይገልጽ፣ እናቴ መኝታ አንጥፉላቸው ብለዋል።