የዝላትካ መኪና አሞርዛተር

ፌብሩዋሪ 24

ዛሬም በልማድ የቀኙን በር ከፈትኩ። ሚስቴ ቀድማኝ ተቀምጣለች። "ምነው፣ ጭኔ ላይ ልትቀመጥ ነው?" ብላ ሳቀች።

ዝላትካ መሪዋን ለሰው አስነክታ አታውቅም ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና… ሥራ የሚኬድባት እሷ፣ ዳቦ የሚገዛባት እሷ። ካንሰሩ አከርካሪዋ ላይ ከወጣ ወዲህ ግን የምነዳው እኔ ነኝ። ወደ ሆስፒታል በሚወስደው ኮብልስቶን ስንወርድ መኪናዋ ተንገጫገጨች። ዝላትካ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ያዘች።

ፌብሩዋሪ 26

ወደ መካኒኩ ባይ ስታመን ጋራዥ ሄድኩ። ሽማግሌው ፓራፋንጎውን በሁለት እጁ ተጫነና ለቀቀው። መኪናዋ ወጣች ወረደች፣ ወጣች ወረደች። "አሞርዛተሮቹ አብቅቶላቸዋል" አለ። ምርጫው ሁለት ነው። ጠንካራው ኩርባ ላይ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፤ ለስላሳው ጉድጓዱን ይውጠዋል። ለስላሳውን እንጂ! ምን ያጠያይቃል?

ቤት ስነግራት ተቆጣች። "መኪናዬን የሕፃን ጋሪ ልታደርጋት ነው? ጠንካራውን!"

"ጀርባሽስ?"

"ጀርባዬ የራሴ ነው።"

ግትር። እናቷም እንዲሁ ነበሩ።

ማርች 1

ማርተኒጻ አሰርን፣ የፀደይ መቀበያውን ቀይና ነጭ ክር። እኔ በእጇ፣ እሷ በእጄ፣ ለመኪናዋም ስፔኪዮው ላይ። ሽመላ እስኪታይ አይፈታም።

"ዘንድሮ ሽመላ ለማየት እደርስ ይሆን?" አለች።

"ታያለሽ እንጂ።"

ውሸቴን ያወቀችብኝ ይመስለኛል።

ማርች 5

ከሕክምና ስንመለስ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ዘለለ። ዝላትካ ጮኸች። እስከ ዛሬ ጮኻ አታውቅም። አቆምኩ።

እንባዋን እየጠረገች፣ "እዚህ ወንበር ላይ ጉድጓዱ ሳይታሰብ ነው ለካ የሚመጣው። መሪ የያዘ ሰውማ አስቀድሞ ያየዋል…" አለች። ድንገት ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ። "አንተ! ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ተቀምጠህ እንዴት ዝም አልክ?"

"ስትነጂ ትዘፍኚ ነበራ።"

"ወገብህን ይዘህ የምትወርደው በዚህ ነው?"

"ትንሽ…"

"አይ የኔ ሞኝ!" አለችና እጄን ያዘችኝ። እስከ ቤት አለቀቀችኝም። ካምቢዮ ስቀይር እጇም አብሮ ይሄዳል።

ማርች 8

የሴቶች ቀን። አበባ ገዛሁላት። ዋናው ስጦታ ግን ሌላ ነበር። ጠንካራውን አሞርዛተር አዘዝኩላት! ባይ ስታመን ቅር ብሎታል። ይበለው። የወደደችውን እንዴት ልከልክላት?

ስነግራት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር እኮ…

ማርች 19

ዝላትካዬ የለችም። ጎህ ሲቀድ ሄደች።

ማርች 23

ፎቶዋ ያለበትን የሞት ማስታወቂያ በራችን ላይ ለጠፍኩ። ጎረቤት ቆሞ እያነበበ ያልፋል። ባይ ስታመን ደወለ፣ ዕቃው ገብቷል። አሁን ምን ሊረባኝ?

ኤፕሪል 2

መኪናዋን ወሰድኩለት። መቼም ቆማ አትበሰብስ። ካርቶኑን ሲከፍት ለስላሳው ነው!

"ባይ ስታመን፣ እኔ ያዘዝኩህ እኮ ጠንካራውን ነው።"

እጁን በጨርቅ ጠራረገ። "አዘህ በሄድክ ማግስት ሚስትህ ደውላ አስቀየረችው።"

"ለጀርባዋ?"

"እኔም 'ደግ አደረግሽ፣ ለጀርባሽ ይሻልሻል' ብያት ነበር። 'እኔማ ዕቃው እስኪመጣ አልቆይም። እሱን ወገቡን ያመዋል፣ አይናገርም እንጂ' አለችኝ። አደራ፣ እንዳትነግረው ብላኝ ነው…"

ሰው ፊት አለቀስኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሽማግሌው ፊቱን አዙሮ መፍቻ ፈለገ።

ኤፕሪል 3

ጠዋት የቀኙን በር ከፍቼ ገባሁ፣ ቀበቶዬንም አሰርኩ። ተቀምጬ ጠበቅኩ… ማንን ነው የምጠብቀው? ወርጄ ዞርኩና መሪው ጋ ተቀመጥኩ።

በኮብልስቶኑ በአዲሱ አሞርዛተር ወረድኩ። መኪናዋ ድምፅ የላትም። ወንዙ ዳር አንድ ሽመላ የቤት ጭስ ማውጫ ላይ ቆሟል። የኔንና የመኪናዋን ክር ፈትቼ እንደ ልማዱ ያበበ ዛፍ ላይ አሰርኩ። የእሷ ክር አብሯት ተቀብሯል።

ወገቤን አላመመኝም። ምነው ባመመኝ።