ለዳገት ሲባል የወጣ ወንበር

ግንቦት 6። ጧት 1 ሰዓት።
ዛሬም አልነሳ አለች። ቁልፉን አዞርኩ፣ ምንም። ደግሜ አዞርኩ፣ አስነጠሰችና ተነሳች። ይቺ ሴይቼንቶ መኪናዬ አብራኝ አረጀች። መለዋወጫ የለ፣ ቤንዚን በኩፖን። አጠፋኋትና በእግሬ ት/ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ 11 ሰዓት።
ቶለሳ መጣ። የልጄ የሰናይት ባል። ከካቺሲ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ አቧራ ብቻ ሆኖ። ከሠርጋቸው ወዲህ ይህን ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ አትርገጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሳይልክ፣ እኔ በሌለሁበት፣ በጴንጤ ሥርዓት አገባት። እንኳን ልስመው፣ ቀና ብዬም አላየሁት።
ግን የያዘው ወሬ! ሰናይት ስምንት ወሯ ነው። ፊቷም እግሯም አብጧል። ራሷን ይወጋታል። የጤ/ጣቢያው ሰው ደም ግፊት ነው፣ ምጥ ሳይዛት እዚህ አምቦ ሆስፒታል ትድረስ ብሏል። በጭነት መኪና ግን እንዳትንገላታ፣ ተኝታ ትሂድ አለ። አውቶብሱ ተሰብሮ ቆሟል።
መኪናዎትን ይስጡኝ ነው የሚለው። ድሮ የክሊኒክ መኪና ይነዳ ነበር፣ ክሊኒኩ እስኪዘጋ። አይሆንም አልኩት። የገዛ ልጄን እኔው አመጣታለሁ። ዘነበች፣ ባለቤቴ፣ ራት አቀረበችለት። እኔ ፊቴን አዙሬ በላሁ።

ግንቦት 7። ማታ 1 ሰዓት።
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ፈልቷል። መኪናዋ ዳገት አትወጣም።
እስከ ጊንጪ አስፋልት ነው፣ አያሳስበኝም። ከጊንጪ ወደ ካቺሲ ሲታጠፉ ግን የጀልዱ ዳገት አለ። ጠጠር፣ ጠመዝማዛ። የሚከፋው ደግሞ መልሱ ነው፣ እሷን ይዤ። ስለዚህ በወንጪ መንገድ ዳገት ልሞክር ብዬ ወጣሁ። በሰናይት ፋንታ የገብስ ጆንያ ከኋላ አስቀመጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አጓራች፣ ተንገራገጨች፣ ጸጥ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርኩ። አበስኩ ገበርኩ! ድንገት ቆመች። ዞር ስል ቶለሳ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሽቋል። ሳልጠራው በእግሩ ተከትሎኝ ኖሯል። አላመሰገንኩትም።
ዘነበች ተቆጣች። በሙከራ ቤንዚኑን ጨርሰህ በምን ልትሄድ ነው አለች። እውነቷን ነው። ነገ ኩፖን ልለምን።

ግንቦት 8። ቀትር።
ኩፖን ተገኘ፣ ለደርሶ መልስና ለአንድ ሙከራ ቢበቃ ነው። ተመስገን።
የኋላውን ወንበር አወጣሁት። ብሎኑ ዝጎ እጄን ላጠው። ባዶው ላይ ፍራሽ ይነጠፍላታል፣ ተኝታ ትመጣለች። ደስ አለኝ፣ ለምን ቀድሞ አልታየኝም? ከዚያ ጎኔ ያለውን ወንበር። ምንጣፉን። ክሪኩን። ስኮርታ ጎማውንም ሳወጣ ዘነበች ጮኸች። ጎማ ቢተነፍስ ምን ይውጥሃል? እኔ እንጃ! ዳገት ካልወጣሁ ጎማው ምን ያደርግልኛል?
የቀበሌው ጥበቃ በአጥር አሾልኮ አየ። መምህር፣ የኮንትሮባንድ ቡና ሊጭኑ ነው እንዴ፣ ኬላ ላይ ይይዙዎታል አለኝ። እንኳን ቡና ልጄንም መጫን አቃተኝ።

10 ሰዓት።
ምን ያህል እንደቀለለች ልወቅ ብዬ ያወጣሁትን ሁሉ በጋሪ አስጭኜ ኦቦ ዲንሳ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ሚዛኑ ላይ። ወንበሩ ይህን ያህል ዓመት ከብዶ የታየኝ ለካ ጥጥና ሽቦ ነው! ሁሉም ተደምሮ ምንም አይሞላም። ኦቦ ዲንሳ ሆዴን አየና እስቲ እርስዎ ይውጡበት አለኝ። ሞኝ ነኝ፣ ወጣሁ። የሚዛኑ ብረት ጓ አለ። የወንበሩንና የጎማውን እጥፍ አልፌ ሄድኩ።
“ማሎ መምህር፣ እባክዎ፣ ወንበሩ ምን በደለዎት? ራስዎን ያውጡ እንጂ!”
እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ደሜ ፈላ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ዲንሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ለመነኝ፣ ጋሪውንም እስከ ደጄ ራሱ ገፋልኝ። ንግግሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።
በርበሬና ቅባት እንደማልበላ ለዘነበች ነገርኳት። በአንድ ቀን የምከሳ ይመስል።

ግንቦት 9። ከሰዓት 9 ሰዓት።
ጧት ከካቺሲ የመጣ ሹፌር መልእክት ጥሎ ሄደ። ሰናይት ትናንት ማታ ዓይኗ ጨለመባት። እናቷን ትጠራለች። ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቶለሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ከንፈሩ በጸሎት ይንቀሳቀሳል።
አንዴ ልሞክርና ልብረር አልኩ። ባዶዋን መኪና፣ የገብሱን ጆንያ፣ እኔን። የወንጪው ዳገት። ከትናንት ወዲያ ከቆመችበት አለፈች፣ እልል ልል ነበር! ኩርባው ላይ ቆመች። አንደኛ ማርሽ፣ ቆመች። መሪውን በቡጢ መታሁት። አለቀስኩ፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ማስታወሻዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።
ዛሬም በእግሩ የተከተለኝ ቶለሳ ከኋላ ይገፋል። ብቻውን አቃተው። ወረድኩ፣ አንተ መሪ ያዝ፣ እኔ ልግፋ አልኩት። ገባ። እጄን ከኋላ ባለው የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፍኩ፣ ትከሻዬን ላስጠጋ ስል ክዳኑ ከእጄ ሸሸ። ሄደች! እኔ አልገፋሁም። ኩርባውን ዞረች፣ ጆንያዋን ይዛ፣ እያጓራች ወጣች። ከላይ ጥሩንባዋ ጮኸ።
መንገድ መሐል ቆሜ ቀረሁ። አንድ ገበሬ ከነበቅሎው ዞሮኝ አለፈ።
ያ ቀጭን ሰውዬ! ንዴት ነው ደስታ፣ አላውቅም። ጀልዱን የሚወጣው ማን እንደሆነ በዓይኔ አየሁ። ሌላ የማወጣው ዕቃ የለም፣ እኔው ቀርቻለሁ። ክፉ ነገር ቢደርስባት እጇን የሚይዘው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

ግንቦት 10። ንጋት፣ 11 ሰዓት ተኩል።
ቁልፉን ሰጠሁት። ሌሊቱን የከረርኩበት ነገር እጄን ስዘረጋ አለቀ። ዘነበች ፍራሹን አነጠፈች፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ በሶ። ስኮርታ ጎማውን እኔ መልሼ ጫንኩለት፤ እሱ ሲነዳ ጎማውንም ትችላለች። ኩርባ ላይ እንዳይቸኩል፣ ሞተሩ ሲግል ውኃ እንዲያፈስበት ነገርኩት። ያውቃል፣ ግን እስክጨርስ አዳመጠኝ።
ከመግባቱ በፊት መሪውን ይዞ በኦሮምኛ ጸለየ። ረዥም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ትቼው እገባ ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። የሰናይትን ስም ሲጠራ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የእኔን። ለእኔ ምን ለመነ? አልጠየቅሁም። ሲጨርስ አሜን አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት ይስማ።
ሄደ። ዘነበች ነጠላዋን እየደረበች ነው። ሆ/ል በር ላይ እንጠብቃለን፣ አልጋ ሳልይዝላት አልመለስም። ጠራችኝ፣ ልሂድ።